ካይቱ አደረ?

ሹኩሪያ ከሚሴ እያለች በአየር የሚነፋ ነገር የምታውቀው የብስክሌት ጎማ ብቻ ነበር። ዱባይ አጠገብ ወዳለችው ዐጅማን ከመጣች በኋላ ግን ዱባይ ጁሜይራ ባሕር ላይ ሀብታሞች በነፋስ የሚጎተቱበትን ካይት የሚባል ትልቅ የጨርቅ ክንፍ አገላብጣ የምታክም ሰው ሆነች። ካይቱ ውስጥ የሚነፋ ረጅም ፊኛ አለ፤ አየሩ የሚገባበት ቫልቭ ፀሐይና ጨው ሲበዛበት ይለቅና ማፍሰስ ይጀምራል። ሌላ ሰው ቢሆን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ነው ቦታውን የሚፈልገው። እሷ ከንፈሯን በምላሷ አርሳ ቫልቩን ታስሰዋለች፤ ቀዝቀዝ ካላት «እዚህ ጋ ነው» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም።

የተጠገነ ካይት ተነፍቶ ያድራል። ጠዋት እንደ ጠነከረ ከተገኘ ድኗል። ካይቶቹ የሚጠገኑበት ጋራዥ ባለቤት ረሺድ የሐረር ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከውጭ የቆለፈውን በር ከፍቶ ሲገባ አንዲት ቃል ብቻ ይጠይቃል፤ «አደረ?» ሹኩሪያም የምታድረው እዚያው ካይቶቹ መሀል ነው። አንድም ቀን ግን እንዴት አደርሽ ብሏት አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ያንገበግባት ነበር፤ በኋላ ለመደችው።

ባትለምደውስ ወዴት ትሄዳለች? በቤት ሠራተኝነት ከገባችበት ከማዳሟ ቤት ጠፍታ የወጣች፣ ቪዛ የሌላት ሰው ናት። እሷን ያቆያት እገዳው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት የቤት ሠራተኞች ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄዱ ከከለከለ ወዲህ ከአገር አዲስ ሰው መምጣቱ ቀርቶ፣ ረሺድም በእሷ ቦታ የሚተካው አጥቶ ነበር። የእሷ ምኞት አንድ ነበር፤ ቪዛ አግኝታ፣ እናቷ ጋ ትታት የመጣችውን ልጇን ደርሳ ማየት፣ ፖሊስ ሳትፈራ ደጅ መውጣት።

አንድ ጠዋት ረሺድ ሁሪያ የምትባል ወጣት ይዞ መጣ። እሷም ከማዳሟ የጠፋች ናት። ሹግሉን፣ ሥራውን ማለቱ ነው፣ አሳዪያት ብሎ ሄደ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሹኩሪያ ግን ነገሩን ወዲያው በራሷ ተረጎመችው፤ ልትተካኝ ነው የመጣችው፣ እኔ ልጣል ነው አለች በልቧ።

ሥራውን አስተማረቻት። አሮጌውን ቫልቭ አሙቆ መላጥ፣ ቦታውን በአልኮል መጥረግ፣ ማስቲሽ ቀብቶ አዲሱን መለጠፍ፣ ሁሉንም አሳየቻት። አንዲት ነገር ብቻ አስቀረች፤ የተጠረገው ቦታ በጣት አይነካም፣ ቅባት ከነካው ማስቲሹ አይይዝም። የሁሪያ እጅ ደግሞ ማዳሟ ያለ ጓንት በበረኪና ስታሳጥባት ኖራ ተሰነጣጥቆ ነበርና ቫዝሊን አይለየውም። ያ የወዛ ጣት የተጠረገው ቦታ ላይ ሲያርፍ ሹኩሪያ እያየች ፊቷን አዞረች።

ሁሪያ የጠገነቻቸው ካይቶች ሲነፉ ጠንካራ ናቸው፤ ጠዋት ረግበው ይገኛሉ። ረሺድ «አደረ?» ሲል ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች። አንድ ቀን «እትዬ፣ ምኑን ነው የማበላሸው?» አለቻት።

«እጅሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም» አለቻት ሹኩሪያ። ውሸት አልነበረም፤ ክፋቱም እሱ ላይ ነው።

ከዚያ ሁሪያ ከጠገነቻቸው አንዱ ካይት እንደ ምንም አደረና ባሕር ላይ ረግቦ ከዳ። ባለቤቱን ከውኃው መሀል በጀልባ አወጡት። ረሺድ ያን ዕለት ሁሪያን ኸላስ፣ ያላ ብሎ አስወጣት። በፌስታል ልብሷን ይዛ ስትወጣ ቫዝሊኗን ጠረጴዛው ላይ ረሳችው። ሻርጃ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ፖሊስ እንደያዛት ወሬው በማግሥቱ መጣ። ሹኩሪያ ደነገጠች፤ አዘነችም። ከሁሉም በላይ ግን ቀለል አላት፤ ሰው እንዲህም ይሆናል።

ወሬውን ያመጣው ረሺድ ሻዩን እየጠጣ አያት።

«አንቺም ዕድል የለሽም» አላት። ጁሜይራ ካይት የሚያከራይ ሰው ሥራዋን አይቶ ኖሯል፤ ቪዛ አውጥቼ ልቅጠራት ብሎ ሲለምነው፣ እሱም በቦታዋ ሰው ካገኘ እንደሚለቃት ቃል ገብቶለት ነበር። ሁሪያን ያመጣት ለዚያ ነው። «እንዳትኮሪብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ወላሂ፣ ልጅቷ ብትለምድ ይሄኔ ሸኝቼሽ ነበር። በዚህ እገዳ ሌላ ከየት አመጣለሁ? ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት።»

ሹኩሪያ እውነቱን ልትነግረው አሰበች። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ ብትል እሷም ፌስታሏን ይዛ መውጣቷ ነው። ቀጣዩን ካይት ልትነፋ ተነሣች።

በማግሥቱ ጠዋት ረሺድ በሩን ከፍቶ ገባ።

«አደረ?»

ሹኩሪያ ካይቱን በክርኗ ገፋ አደረገችው። እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

«አደረ» አለችው።

«ማሻአላህ፣ ለዚች እጅሽ ዕድሜ ይስጥልኝ» አላት። ካይቱን አስተንፍሶ ጠቀለለና ተሸክሞ ወጣ፤ በሩንም ከውጭ ቆለፈው።