አኮርዲዮኑ የሚገባበት ቦታ

የእኔ ዘመን የሆሳዕና ልጃገረዶች የአዲስ አበባ ባንዶችን ፎቶ ከመጽሔት እየቀደዱ ደብተራቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። እኔ የምወደው ባንድ ፎቶም አልነበረውም። የቀበሌያችን ኪነት ነው፤ አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ጊታር፣ ቆዳው የላላ ድራም፣ ሁለት ዘፋኞች። ብትፈልጉ ሳቁ። በደርግ ጊዜ ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም፤ ሰዉም ስለ አብዮቱ ሲዘፈን መስማት ሰልችቶታል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ እንደነሱ የናፈቀኝ የለም።

እናቴ የሞተችው ገና አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ ከአንጋጫ ገጠር አመጣኝና ሆሳዕና አስተማሪ ለነበረችው እህቱ ሰጠኝ። ቤታችን የሚወራው ከምባትኛ ስለነበር አማርኛን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። ክፍል ውስጥ «አንብቢ» ተብዬ አፌን ስከፍት ሳቁብኝ። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ እቤታቸው ሀዲይኛ የሚያወሩ ናቸው፤ የእነሱም አማርኛ ቢሆን ያው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አልኩ። መምህር ቢጠይቀኝ ዝም፣ አክስቴ ብትቆጣኝ ዝም።

«አፍሽ ተለጎመ እንዴ?» ትለኛለች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ፤ ጉርሻም አይገባበትም፣ ልንገርሽ!»

ክፉ ሰው አልነበረችም። ግን ልጅቷ ትርሳ ብላ የእናቴን ነገር ማንም እንዲያነሳብኝ አትፈቅድም። እኔ ደግሞ የምፈራው መርሳቱን ነበር። የእናቴ ፊት እየደበዘዘብኝ ነው። በደንብ የቀረኝ አንድ ዘፈኗ ብቻ ነበር።

የአክስቴን ጓሮና የቀበሌውን አዳራሽ የሚለየው የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ቢሮ ሲዘጋ ኪነቶቹ ተሰብስበው ልምምድ ይጀምራሉ። እኔም የሚከተፍ ጎመን ይዤ እወጣና ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ድራሙ ጀርባዬን ይደልቀዋል። አንዱን ዘፈን ደጋግመው ያበላሹታል፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ሰው ተሳስቶ፣ ተስቆበትም እንደገና ሲጀምር የሰማሁት እዚያ ነው። ቀስ በቀስ አብሬያቸው ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ለካ አክስቴ ሰምታኛለች። የአብዮት በዓል ሲቀርብ ኪነቱ የከምባታ ዘፈን እንዲጨምር ታዘዘና የሚያውቅ ሰው ማፈላለግ ያዙ። አክስቴ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? «እኔ ቤት አንዲት አለች፤ ለሰው አትናገርም እንጂ ለቆርቆሮ ትዘፍናለች።» እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አኮርዲዮን የሚጫወተው ቀን ቀን ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነበር፤ የሀዲያ ልጅ ነው። «አይዞሽ እህቴ፣» አለኝ፣ «እዚህ አማርኛው የሞላለት ሰው የለም። በቋንቋሽ ዝፈኚው።»

ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን ዘፈን ዘፈንኩ። ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ የሚዘፍኑት ነው። ልጇን ሩቅ የዳረች እናት ናት የምትዘፍነው፦ የቤትሽን ጭስ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፤ ጭስ ካለ እሳት አለ፤ እሳት ካለ ልጄ በልታለች። እናቴ ጭሱን ዘፍና መፋቂያዋን ለመጥረግ ትንሽ ዝም ትል ነበር። እኔም እዚያው ላይ ዝም አልኩ። ድራሙ ሊገባ ሲል ድሬሰሩ እጁን አነሳና ከለከለው። ጥቂት ቆይቶ አኮርዲዮኑን ቀስ አድርጎ አስገባው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ዝምታዬን ሰምቶ የመለሰልኝ ሰው እሱ ነበር።

ደስታዬ ግን አልሰነበተም። የቀበሌው ካድሬ መጥቶ ዘፈኑን አስተረጎመና ግጥሙን «አስተካከለው»። የልጅቷ ቤት ጭስ የፋብሪካ ጭስ ሆነ። የምን ፋብሪካ ነው ወገኖቼ? በአውራጃው ከወፍጮ ቤት ሌላ የሚጨስ ነገር አልነበረም! ተቃጠልኩ። ልምምድ መሄዱንም፣ ጓሮ መውጣቱንም ተውኩት።

አንድ ቀን ወደ ማታ ግድም ቆርቆሮው ተንኳኳ። «ካድሬው ሄዷል፣» አለ ድሬሰሩ ከወዲያ በኩል። «ለነሱ የፋብሪካውን፣ ላንቺ የእናትሽን።» እሱ ከወዲያ ተጫወተ፣ እኔ ከወዲህ ዘፈንኩ። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ባበቃ ቁጥር ልማዳችን ሆነ። ጭሱ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ፤ አኮርዲዮኑ ይገባል። አንድም ቀን ሳይገባ ቀርቶ አያውቅም። እኔም አፌ ተፈታ። ክፍል ውስጥ ሲስቁብኝ «ደሞ እናንተን ብሎ ሳቂ!» እላቸው ጀመር። አክስቴ እንኳ «ኧረ ያችን ዝምተኛዋን መልሱልኝ!» እስክትል ድረስ።

ጦርነቱ ሲበረታ ኪነቱን ለሠራዊቱ እንዲዘፍን ብለው ወደ ሰሜን ላኩት። የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ቀበሌው በር ላይ ቆመዋል። ድሬሰሩ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ቦታዬን ለሌላ እንዳትሰጪብኝ!» ብሎ ጮኸልኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሞኝ! ቀርቤ እጁን እንኳ አልጨበጥኩትም።

ሌሎቹ ተመለሱ፣ እሱ ቀረ። ይሙት ይኑር የሚያውቅ አልተገኘም። እናቱ ሐዘን አልተቀመጠችም፤ መርዶ ሳይመጣ እንዴት ትቀመጥ? አዳራሹን የእህል መጋዘን አደረጉት። ቆርቆሮውን ተደግፌ ስቀመጥ የሚሰማኝ የአይጥ ኮሽታ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ሰሞን አንጋጫ የዘመድ ሠርግ ተጠራሁ። ሴቶቹ ያን ዘፈን አነሱት። በየበዓሉ ሲዘፈን ኖሮ አገሩን አዳርሷልና ከአፋቸው የወጣው የፋብሪካው ጭስ ነበር። እናቴን የሚያውቁ ሴቶች እኮ ናቸው! ድምፄን ከፍ አድርጌ በእናቴ ቃል ዘፈንኩት። አንድ በአንድ ዝም አሉልኝ፤ የአሮጊቶቹ ከንፈር አብሮኝ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጭሱ ላይ ደረስኩና ዝም አልኩ።

የሙሽራዋ እናት ትንሽ ጠበቀችኝ። «ቀጥዪ እንጂ ልጄ፣» አለች። «ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁትም፣» አልኳት። «ሰው እየጠበቅሁ ነው።»