የገማቹ ገመድ በመዘዞ አውድማ

ገብረአብ ሊፈታው የተነሣው ችግር ይህ ነበር፦ አውድማ ላይ የተቆለለ ገብስ ስንት ቁና እንደሚወጣው፣ ሳይሰፍሩትና አንድም ቁጥር ከአፍ ሳያወጡ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

በ1878 ዓ.ም. ገብረአብ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበር፤ ደብረ ብርሃን ካለው የእህል ጎተራ በገማችነት ከገባ ገና ወሩ ነው። ገማች በመኸር ጊዜ ከአውድማ አውድማ እየዞረ የየገበሬውን ምርት በዓይኑ ይገምታል፤ ከግምቱም ከአሥር አንዱ ለመንግሥት ይገባል። አባቱ የሰላ ድንጋይ መሪጌታ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ታላቅ ወንድሙ ስለያዘው፣ ለእርሱ የደረሰው ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ብቻ ነው። ከገማችነቱ ቢወጣ የሚመለስበት እርሻ አልነበረውም።

ቁጥር ከአፍ አይወጣም ያልሁት ስለ አውድማ ሕግ ነው። አውድማ ጫማ ወልቆ ይገባበታል፤ አይፏጭበትም፤ እህልም ጮክ ተብሎ አይቆጠርበትም። በረከት ቁጥር ስትሰማ ትሸሻለች ይባላል። ሰፋሪው የመጀመሪያውን ቁና «በረከት» ብሎ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ በያንዳንዱ ቁና አንድ ጠጠር እየጣለ በዝምታ ይሰፍራል።

ገብረአብ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ነገር ግን የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ትምህርቱን የሚይዘው ጮክ ብሎ ነው፤ ድምፁን ዝቅ ካደረገ የኔታ ተኝቷል ብለው በአለንጋ ይቀሰቅሱታል። እናም በኅዳር ወር መዘዞ ላይ፣ በእመት ወለተሐና አውድማ፣ ቁልሉን በእርምጃው እየዞረ ሳለ አፉ አመለጠው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…»

እመት ወለተሐና ባላቸው ከሞተ ጀምሮ እርሻቸውን ራሳቸው የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። በእጃቸው የያዙትን የእህል ማዝሪያ ላይዳ መሬት ላይ ተከሉት።

«አፍህን ያዝ! ምነው፣ ማኅሌት የቆምህ መሰለህ?»

«አፌ ነው እሜቴ፣ ልቤ አይደለም።»

«በረከቴን ያባረራት አፍህ ነው፤ ልብህንማ ማን አየው! እንግዲህ በረከት ከሸሸችው እህል ግብር አልሰጥም።»

ነገሩ ከጎተራው ሹም ከባላምባራስ ወልደአረጋይ ዘንድ ደረሰ። ባላምባራስ ረጋ ብለው ሰሙና የሴትዮዋን ግብር በግማሽ ማሩ። ለገብረአብም እንዲህ አሉት፦

«አንድ መኸር ጨምሬልሃለሁ። የሚመጣው ዓመት አንድ ገበሬ ከከሰሰህ፣ ወይም ግምትህ ተሰፍሮ ከአሥር ቁና በላይ ከሳተ፣ ወደ አባትህ ትመለሳለህ።»

ችግሩ እንዲህ ተወለደ። አሁን መፍትሔው እንዴት እንደመጣ ላስረዳ፤ ነገሩ በእውነት ደስ የሚል ነው።

በጥር ወር ገብረአብ ለጎተራው ከረጢት ሊገዛ ወደ አሊዩ አምባ ወረደ። እዚያ ሸሪፍ የሚባል የማሽላ ነጋዴ ቁርበት ላይ እህል ሲዘረግፍ አየና ቆመ። ማሽላው ሲፈስ ሾጠጥ ብሎ ይቆለላል፤ ሲጨመርበት ጫፉ አይሾልም፣ በጎኑ እየተንሸራተተ ሁለንተናው ይሰፋል። ትንሹም ቁልል ትልቁም ቁልል መልካቸው አንድ ነው።

«ግብር ልትቀበለኝ መጣህ ወይስ ልትማር?» አለው ሸሪፍ።

«ልማር።»

«እንግዲያው ተቀመጥ፤ መማር ቀረጥ የለውም። እህል ሁሉ አላህ የሰጠው ተዳፋት አለው። ከዚያ አልፈህ ላቁምህ ብትለው እሺ አይልህም። እኔ ወርዱን አይቼ ብቻ ስንት እንደሆነ እነግርሃለሁ።»

ገብረአብ እዚያው ረጅም የቃጫ ገመድ ገዛ። ሰላ ድንጋይ ሲደርስ በየክንዱ ቋጠረበትና በወንድሙ ገብስ ሞከረው። ዙሪያው አምስት ክንድ የሆነ ቁልል ሰባት ቁና ወጣው። ዙሪያው አሥር ክንድ የሆነውስ? ዐሥራ አራት የሚል ሰው አይፈረድበትም፤ ገብረአብም ራሱ እንዲያ ጠብቆ ነበር። ሲሰፈር ግን ሃምሳ ስድስት ሆነ! ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዙሪያው እጥፍ ሲሆን ቁልሉ በወርዱም፣ በርዝመቱም፣ በቁመቱም እጥፍ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፣ አራት ጊዜ ሁለት ስምንት፤ ሰባት ቁና ስምንት ጊዜ ሃምሳ ስድስት። ዐሥራ አምስት ክንድ ሲሆን ደግሞ፣ ሦስት እጥፍ ነውና፣ ሰባት ቁና ሃያ ሰባት ጊዜ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በቁራጭ ብራና ላይ ጽፎ በአንገቱ እንደ ክታብ አንጠለጠለው። ከእንግዲህ አውድማ ላይ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ገመድ መዘርጋት ብቻ ይበቃዋል።

ኅዳር 1879 ባላምባራስ ራሳቸው ሊያዩ መዘዞ መጡ። ገብረአብ መጀመሪያ የሄደው ወደ እመት ወለተሐና አውድማ ነው፤ ሴትዮዋ ካመኑት ሌላው ያምናል ብሎ። ጫማውን አውልቆ ገባና ገመዱን በቁልሉ ዙሪያ ዘረጋ።

«ገመድ የሚጣለው ለሌባ ነው» አሉ እመት ወለተሐና። «ገብሴ ምን ሰረቀ?»

ገብረአብ ገመዱን ዐሥራ አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ያዘ። ከአውድማው ወጥቶ ብራናውን አየና «መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ቁና» አለ።

«ይሰፈር!» አሉ ሴትዮዋ ወዲያው።

ተሰፈረ። «በረከት» ተባለ፤ ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ ጠጠሩ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። በመጨረሻ ጠጠሩ ከአውድማው ውጭ ሲቆጠር መቶ ስልሳ ስምንት ሆነ። ሃያ አንድ ቁና ስቷል።

ገብረአብ ባዶውን አውድማ ትክ ብሎ አየ፤ ከዚያ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ ጎንበስ አለ። የአውድማው መካከል ከዳሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ይላል። ዝናብ እንዳይተኛበት እመት ወለተሐና በየዓመቱ እበቱን ሲለቀልቁ መሐሉን ያሳብጡታል። ገመዱ ያንን እብጠት እህል አድርጎ ቆጥሮት ነበር።

«ከገብሴ ጋራ መሬቱንም ገመትኸው!» ብለው ሳቁ ሴትዮዋ። «ከመሬቱስ ከአሥር አንድ ትወስዳለህ?»

ባላምባራስም ፈገግ አሉ። ፍርዳቸውን ግን አላለሳለሱም።

«ቃል ቃል ነው፤ ገማችነትህ ዛሬ አበቃ። የዘንድሮ ድርጎህም የለም። ግን ስህተትህን ራስህ አገኘኸው። የመዘዞ አውድማዎች ሠላሳ ሁለት ናቸው። እስከሚመጣው ኅዳር እያንዳንዱን እወቀውና ና፤ ያኔ ደግሞ እንሰፍራለን። ከአሥር ቁና በላይ ባትስት ትገባለህ።»

አሁን ጥቅምት 1880 ነው፤ አውድማ የሚለቀለቅበት ወር። ገብረአብ ክረምቱን በወንድሙ ቤት እንጨት እየፈለጠ ካሳለፈ በኋላ በእግሩ መዘዞ መጥቷል። ዐሥራ አንድ አውድማ ለክቷል። ያልጠበቀው ነገር አገኘ፦ ከዐሥራ አንዱ ዘጠኙ ዘንድሮ ጎድጓዳ ሆነዋል። የአምናው ወሬ በአገሩ ተሰምቶ ነበር። ያበጠ አውድማ ግምትን ከፍ ካደረገ፣ የጎደጎደ አውድማ ዝቅ እንደሚያደርግ ገበሬው ራሱ አሰበበት። በጉድጓዱ የተኛውን እህል ገመድ አያየውም።

ይህ ቢያናድደው አይገርምም፤ እርሱ ግን ተደሰተ። አምና አራት ጣት እብጠት ሃያ አንድ ቁና ካሳተው፣ ያን በሚያህል ስፋት አንድ ጣት ጥልቀት አምስት ቁና ያህል ይይዛል ማለት ነው። እውነት መሆኑን ገና አላረጋገጠም፤ እያረጋገጠ ነው።

ዛሬ በእመት ወለተሐና አውድማ ላይ ነው። እበቱ ደርቋል። ገመዱን በሁለት ችካል ወጥሮ በሆዱ ተኝቷል፤ የስንዴ አገዳ ከገመዱ ወደ ጉድጓዱ ግርጌ ያወርዳል።

«ዘንድሮ ድረስበት እንግዲህ» አሉት ሴትዮዋ ከዳር ቆመው። «ስንት ጣት ሆነ?»

ገብረአብ አፉን አልከፈተም። አገዳው ላይ በጥፍሩ ምልክት አደረገበትና አወጣው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስደገፈበት። በያንዳንዱ ጣት ከግራ እጁ አንድ ጠጠር ወደ ቀኙ ያሳልፋል። ሦስተኛው ጠጠር አልፏል፤ ምልክቱ ጋ ገና አልደረሰም።