ለመማሪያ ያስነሳኋት ፎቶ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሰናይት በሬን አንኳኳች።

«ዶክተርዬ፣ ተክለ ሃይማኖት ጋ አንድ ክሊኒክ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ብቻዬን ፈራሁ» አለችኝ።

ሰናይት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ማህፀኗ ሲጠረግ ጠባሳ ቀርቶ፣ ከዚያ ወዲህ ማርገዝ እንቢ አላት። እኔ ደግሞ የማጠናው በየወሩ የሚፈርሰውን የማህፀን ግድግዳ መልሶ የሚሠራውን ስቴም ሴል ነው... ወጣትነቴን የጨረስኩበት ሥራ። ባገኘችኝ ቁጥር «ደረሰ?» ትለኛለች። «ገና ነው፣ ሰው ላይ አልሞከርነውም» እላታለሁ።

የክሊኒኩን ደረጃ እየወጣን «አትቀየሚኝ እሺ... እነሱ ጋ ደርሷል። ዛሬ መርፌውን ልወጋ ነው» አለችኝ። ክው አልኩ።

እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ጠረጴዛ የሚያህል ፎቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ማህፀንዎን የሚያድሱ ሕያው ሴሎች» ይላል። ሰናይት ትክ ብላ ታየዋለች። እኔም ቀና ብዬ አየሁት... ወይ ጉድ! ከራሴ ላብራቶሪ የወጣ የሴሎች ፎቶ ነው!

ያውም የትኛው? ቤዛ የምትባል ተማሪዬ የሴሎቹን ሳህን ሳትከድን ሄዳ፣ የስንት ወር ልፋታችን የሻገተበት ቀን የተነሳው። ያን ቀን ስታለቅስ አቅፌ ያባበልኳት እኔ። «በይ ፎቶ አንሺው፣ ለመማሪያ ይሆንሻል» ያልኳትም እኔው።

ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ከውስጥ ብቅ አለች። ቤዛ! ከላብራቶሪዬ ከወጣች ወዲህ ስልኬን አላነሳ ያለችው ቤዛ።

«ይሄ ፎቶ ምንድነው?» አልኳት።

ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ለማሳያ ነው ዶክተር... ማን ይለየዋል?»

«እኔ እለየዋለኋ! ሴሉንም አንቺንም ያሳደግኩት እኔ ነኝ!»

ቅንጣት አልደነገጠችም። «እርስዎ ገና ነው፣ ገና ነው ሲሉ እኮ ሴቶቹ አረጁ» አለችኝ።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ሲባል ለሌላ ሰው የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር።

ወደ ሰናይት ዞሬ ፎቶው ላይ ያለውን ጥቁር ክር በጣቴ አሳየኋት። «ይሄን ታያለሽ? ሻጋታ ነው። ሴሎቹም የሞቱ ናቸው።»

«ሻጋታ? እንጀራ ላይ የሚወጣው?»

«እንደሱ ነው።»

ቦርሳዋን አንስታ ቀድማኝ ወጣች።

እስከ ልደታ በእግራችን ተመለስን። የሕንጻችን በር ላይ ስንደርስ ቆም አለችና «ያንቺውስ... መቼ ይደርሳል?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ተመልከቱልኝ እስቲ... እውነቱን ተናግሬ አንገቴን የደፋሁት እኔ፣ ሻጋታ ሰቅላ ቀና ብላ የምትሄደው እሷ።