ጌታው ማን ነው?

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሞጣ ባለው ኮሌጃችን የዕቅድ ኃላፊ ነበሩ፤ እኔ የኮምፒውተር ክፍሉን እመራለሁ። የሰርቨር ግዥ ዕቅድ ባቀረብኩ ቁጥር፣ «ልጄ፣ ሰርቨር ማለት አገልጋይ አይደል? ጌታው ማን ነው?» ይሉኝ ነበር። ከኮሌጁ ግቦች የትኛውን እንደሚያገለግል ካልነገርኳቸው አይፈርሙም። ያናድደኝ ነበር።

ቢቸና ቀበርናቸው። ከአርባቸው ማግስት፣ ከእንግዲህ ጠያቂ የለም ብዬ፣ የግቡን ቦታ ሳልሞላ አዲስ የሰርቨር ግዥ ዕቅድ በኮሌጁ የዕቅድ ሲስተም ላክሁ። ወዲያው ተመለሰ። ግብ የሌለውን ዕቅድ እንዲመልስ ሲስተሙን ያዘዝኩት እኔው ነኝ፤ የጻፍኩለት መልእክት ግን «ግቡ አልተሞላም» የሚል ነበር። የመጣልኝ «ልጄ፣ ጌታው ማን ነው?» ይላል።

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ወንበራቸውን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ግቡን ሞልቼ መልሼ ላክሁላቸው።