በሩን የምትደግፈው ጣውላ

አጎቴ ጋሽ ወርቁ ቤት በሄድኩ ቁጥር የምዘላት አንዲት ጣውላ አለች። ሦስት ጣት ትወፍራለች፤ የሳሎኑ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ትደግፋለች። እንግዳ ሁሉ ረግጧት ያልፋል። እኔ አልችልም፤ ከየት እንደመጣች አውቃለሁ።

ልጅ ሆኜ አባቴና አጎቴ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ነበረቻቸው። ከነሞተሯ የገዛት አጎቴ ነው፤ የሚያጠምድባት አባቴ። ጠዋት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዞ ሲመለስ ልብሱ ዓሣና ቤንዚን ይሸት ነበር። ዛሬም ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሳልፍ እሱ ትዝ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባዋን ስናጥብ የሞተሩን ነገር አስተምሮኛል፦ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ ማዕበል ሲመጣ ውኃውን ትቶ አየር ይመታል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጀልባዋ አትሄድም።

አንድ ቀን አጎቴ መጥቶ ፕሮፔለሩ ላይ ሣር ተጠምጥሞ አየ። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ነው አለና ያችን ጣውላ በጀልባዋ ኋለኛ ጠርዝ ላይ ደርቦ ሞተሩን ከፍ አድርጎ አሰረው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አባቴ ስህተት መሆኑን እያወቀ አጎቴን አመሰገነው። አጎቴ ሲሄድ ለምን ዝቅ አናደርገውም አልኩት። ሁለት ብሎን መፍታት ነው፤ ሻይ የመጠጣት ያህል እንኳ አይፈጅም።

"ታላቄ ያሰረውን እኔ አልፈታም" አለኝ። "ነገ መጥቶ ቢያይ ምን ይለኛል?"

ወይ ይሉኝታ! ሐይቁ ጠዋት ጠዋት የተኛ ስለሆነ ለጥቂት ቀናት ምንም አልሆነም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መረብ ሊያነሳ እንደወጣ ነፋሱ ተነሳ። እናቴና እኔ ዳር ቆመን እናያለን። ማዕበሉ የጀልባዋን ኋላ ባነሳው ቁጥር ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ባለችበት ትዞራለች። ማዕበሉ በጎኗ መታት፤ ተገለበጠች። አባቴን በማግስቱ አወጡት።

ለቅሶው ላይ አጎቴ ደረቱን እየደቃ ነፋሱ ወንድሜን በላብኝ ይል ነበር። ሰዉም ቀኑ ደርሶ ነው አለ። ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ግን ሐይቁ ዳር አየሁት። ተጎትታ በወጣችው ጀልባ ላይ ብቻውን ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ብሎኖች ፈታ፤ ጣውላዋን አውጥቶ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ አሰረው። ገብቶታል ማለት ነው። እኔን ሲያይ ጣውላዋን ብብቱ ስር ሸጎጣት። ይዟት ወደ ቤቱ ሄደ።

ዛሬ ሐይቁ ዳር ሰው በጀልባ የሚያንሸራሽሩት ወጣቶች የጀልባውን ባለቤት "ፋዘር፣ ሞተሩ ከፍ ብሏል፣ ይውረድ" ሲሉት እሰማለሁ። ባለጌ የሚላቸው አለ። እኔ እቀናባቸዋለሁ። ምነው አባቴም ያን ቀን ባለጌ በሆነልኝ።

አጎቴ አርጅቷል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ "እሱ" ማለት የደፈርኩት እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ባለፈው በዓል ከልጄ ጋር ልንጠይቀው ሄደን፣ ነፋሱ ወንድሙን እንዴት እንደበላበት እንደ ልማዱ አወራ። ልክ ነዎት ጋሼ አልኩት፣ እኔም እንደ ልማዴ። ልጄ ጣውላዋን አንስታ፣ ብሎኖቹ ነክሰው የተዉትን ሁለት ክብ ጠባሳ በጣቷ እየዳሰሰች ምን እንደሆነች ጠየቀችው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"የበር መደገፊያ ናት የኔ ልጅ" አልኳት። "ቦታዋ መልሻት።"