የትናንቱ ኪኒን

ገበያ ያሳደገው ሰው አንድ ነገር አይስተውም፦ ተጫነ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። ከቆጋ የገዛኸው ድንች መራዊ ላይ ጆንያው ሊፈነዳ ደርሶ ታየዋለህ፤ ባሕር ዳር ሲገባ ከስቶ ነው የሚወርደው። ሹፌሩን ብትይዘው «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ሞልቶ ተጭኗል» ይልሃል። አይዋሽም። አንተ ነህ መጫኑን የጠየቅኸው። መውረዱን ጠይቅ።

ይህን ሽንኩርትና ድንች አስተማረኝ። የጠቀመኝ ግን በወንድሜ ነገር ነው፤ እሱም አርፍዶ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግን ነበር። አንድ ክረምት ላይ ማሽኖቹ ያሙኛል አለ። ሳቅን። ቀኑን ሙሉ ጩኸት ውስጥ የሚውል ሰው ጆሮው ቢጮህ ምን ይገርማል? ኋላ ግን ማሽኑ ጠፍቶም ሐሜቱ አልቆም አለ፤ ቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። እኔንም ጠረጠረኝ። መርዝ አድርጋበታለች እያለ የማቀርብለትን ምሳ ለግቢው ውሻ ይሰጥ ጀመር። ውሻው ወፈረ፤ ወንድሜ አጥንቱ ቀረ።

ሐኪም ቤት ወሰድሁት። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ ይባላል አሉኝ። ስሙን ለመያዝ ጊዜ ፈጀብኝ፤ የነርሷን ቃል ግን እዚያው ያዝሁት። «ማታ ማታ፣ ራት ከበላ በኋላ፣ አንድ ፍሬ» አለችኝ። «ደኅና ሆንሁ ብሎ እንዳያቆም። አንድ ቀን ቢያመልጠው በማግስቱ ደርቦ እንዳይውጥ። አንገቱ ቢጣመም፣ ምላሱ ቢተሳሰር፣ ወይ ሰውነቱ ደርቆ ቢያተኩሰው ነገ አትበይ፤ ያኔውኑ አምጪው።»

መድኃኒቱ ሠራ። ድምፆቹ አልጠፉም፤ ግን ጎረቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ ሆኑለት፤ ይሰማል፣ አይመልስም። ምሳውንም ውሻው አጣው።

ይሁን እንጂ ወንድሜ ልቡ አላረፈም። «እትዬ» አለኝ አንድ ቀን ሽንኩርት እየለቀምን፤ «ኪኒኑ ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስወጣውም። እኔ እንዲወጣልኝ ነው የምፈልገው።»

«ዝም ካለ ምን ቸገረህ? ስንት ተከራይ አለ ዝም ብሎ የሚኖር?»

«አንቺ ውስጥ አልተከራየማ» አለ። ለቅሜ የጨረስሁትን ሽንኩርት እንደገና መልቀም ጀመርሁ። 

ጠበል ሊጠመቅ ፈለገ፤ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ሱባኤ ሊገባ። እናታችን በሕይወት ሳለች የምትሳልበት ገዳም ነው። ሴት ግን እግሯን አታሳርፍበትም። ጀልባው ላይ ሆና ዕቃ ታቀብላለች፣ ተሳልማ ትመለሳለች። ነርሷን ጠየቅኋት። «ይሂድ፤ እምነቱን አንነካበትም» አለች፤ «ኪኒኑ አብሮት ይሂድ ብቻ።»

እንዲህ ተስማማን። ጠበሉንም ሐኪሙንም ያዝሁ፤ ሁለት ደንበኛ ሳያስቀይሙ ማስተናገድ ሥራዬ ነው።

ኪኒኑን የሚሰጡት አንድ አረጋዊ መነኩሴ ሆኑ፤ ሕሙማኑን የሚያጠምቁት እሳቸው ነበሩ። ጀልባው ጫፍ ላይ ቆሜ መድኃኒቱን በእጃቸው አስቀመጥሁ። «አባ፣ ይህ ልጅ ያለ ይህቺ አይሆንም» አልኋቸው።

«ልጄ፣ በእጄ አጎርሰዋለሁ። ሳይውጥ ዞር አልልም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። መከራውም ከዚያ ነው የጀመረ።

ባለጀልባው ስንቅ ሊያደርስ ሲሄድ አብሬ እሄድ ነበር፤ በሶና ድርቆሽ ይዤ። ወንድሜ መውረጃው ድንጋይ ላይ ይመጣል፣ እኔ ከጀልባው አልወርድም፤ በመሐላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ውሃ ነበር። መጀመሪያ ላይ ደኅና ነበር። ኋላ ስመለስ ግን ገና ከሩቅ አየሁት፤ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ቆሟል። እኔ ሽንኩርት ሳልልጥ ውስጡ መበስበሱን አውቃለሁ፤ ወንድሜንማ እንዴት አላውቅ?

«መድኃኒቱን ትውጣለህ?»

«እውጣለሁ።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን! አባን ጠይቂያቸው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺ ጀልባ ላይ ያለችው እህትህ አይደለችም እያሉኝ ነው። እህቴ ነሽ አይደል?»

«እህትህ ነኝ። ሌላ ሴት ይህን ሁሉ በሶ ተሸክማ አትመጣም።»

ፈገግ አለ፤ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ።

አባን አስጠራኋቸው። «እንዴታ፣ ይውጣል እንጂ» አሉኝ፤ «በየቀኑ በእጄ።» ፊታቸው የሐሰት ፊት አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የድንቹ ነገር ትዝ ያለኝ። መጫኑን ሳይሆን መውረዱን።

«መቼ ነው የሚሰጡት፣ አባ?»

«ንጋት ላይ፣ ጠበል ሳይቀምስ።»

«ማታ ብዬዎት አልነበር?»

«ብለሽኛል። ግን ማታ ጸሎት አድርሶ፣ እምነት ተቀብቶ ነው የሚተኛ። በዚያ ላይ የዓለም ነገር አይደረብም ብዬ ወደ ንጋት አዞርሁት። መድኃኒቱ ይቅደም፣ ጠበሉ ይከተለው፤ እንዲባረክም ብዬ።»

«ከጠጣ በኋላስ?»

«ያስመልሰዋል» አሉ ደስ ብሏቸው። «በባዶ ሆዱ ብዙ ይጠጣል፣ ሁሉንም ያወጣዋል። ርኩሱ እየለቀቀው ነው።»

ባለጀልባው መቅዘፊያውን ተደግፎ ሲሰማ ቆይቶ «በል እንግዲህ» አለ፤ «ኪኒኑን የበላው የጣና ዓሣ ነው አእምሮው የተመለሰ!»

ማንም አልሳቀም፤ እሱም ራሱ።

«አባ» አልሁ፣ «ኪኒኑም አብሮ እየወጣ ነው እኮ። ይህ ልጅ እዚህ ከመጣ ጀምሮ መድኃኒት ሆዱ ውስጥ አልዋለም።»

አባ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ ያየሁባቸው ፊት የተማሪ ፊት ነበር፤ ዜማ ስቶ መምህሩ የሰማበት።

ወንድሜን አብሮኝ እንዲመለስ ለመንሁት። «ሱባኤዬን አቋርጬ? አልመጣም» አለ። ወርጄ እጁን ይዤ እንዳልጎትት መሬቱ አይፈቅድልኝም። ለአባ ከዛሬ ጀምሮ ማታ፣ ከበላ በኋላ ይሁን ብዬ ነገርኋቸው። «ይሁን፣ ይሁን» አሉ፤ ሐሳባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ምን እያሰቡ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ።

ከተማ ስደርስ ለነርሷ ደወልሁ። «እንዲህ ከሆነ እኔው ሳላየው እንዳይጀምር፤ አምጪው» አለች። «ያለፈውን እናካክስ ብለው እንዳይጨምሩበት ደግሞ፣ አደራ!» በደሴቱ ያሉት ስልክ አይዙም። ባለጀልባው የሚሻገረው በማግስቱ ነበር። መልእክቱ እኔ ዘንድ አደረ።

አባ ደግሞ መነኩሴ ናቸው። መነኩሴ ስግደት ቢያመልጠው ምን ያደርጋል? በማግስቱ ጨምሮ ይሰግዳል። ጸሎት ቢታጎልበት ደርቦ ያደርሳል። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት በዚህ ሥርዓት ነው፤ የጎደለ ይሞላል። የወንድሜን የጎደለ ኪኒን አሰቡና አዘኑ። ያን ማታ በሶውን በጥብጠው አበሉት፣ ከዚያ ያመለጠውን ሊሞሉለት አከታትለው አጎረሱት። በፍቅር። ሳይውጥም ዞር አላሉም።

ጠዋት መልእክቴን ይዞ ማልዶ የተሻገረው ባለጀልባ ከዚያው በራሱ ስልክ ደወለ። «እመቤት፣ ወንድምሽ አንገቱ ዞሯል። ቶሎ ድረሽ። ሌላ ጀልባ ያዥ፣ እኔ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ስደርስ ከጠበሉ አውርደው ባሕሩ ዳር አስተኝተውታል። አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዟል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታያል፣ መንጋጋው ተቆልፎ ምላሱ ወጥቷል። ሌሎች ሕሙማንን የሚያስታምሙ ሰዎች ከበውት እጅና እግሩን ይዘዋል፤ አንዱ ውሃ ይረጫል፣ አንዱ ይጮኻል።

«ተያዝህ! ለፍልፍ! ስምህን ተናገር!»

«ምላሱን አሰረበት፣ እዩት!»

«ልቀቁት!» አልሁ ከጀልባው። «መድኃኒት ነው የጣመመው! ሐኪም ቤት ይሂድ!»

«ሴትዮ፣ ሊወጣ ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው። አሁን ከወሰድሽው ተመልሶ ይገባበታል። ደግሞ እንዳትወርጂ!»

አልወረድሁም። ከጀልባው ወደ ውሃው ገባሁ፤ እስከ ወገቤ። ውሃው ደሴት አይደለም፤ ከልካይም አልመጣብኝም። እዚያ ቆሜ እጆቼን ዘረጋሁ። ጭቃው እግሬን ይዞኝ ነበር፤ ለቅሶም ይዞኝ ነበር፤ ግን ነጋዴ ዋጋ ሳይቆረጥ አያለቅስም።

አባ ሰዎቹን ገፋ አድርገው መሐል ገቡ። መቋሚያቸውን ጣሉ። «ሰይጣን አይደለም» አሉ። «የኔ እጅ ነው። ዞር በሉ።»

«አባ፣ እርስዎ...»

«ዞር በሉ አልሁ! እኔ ነኝ ያበዛሁበት።»

እኒያ ሽማግሌ ወንድሜን ከመሬት አንስተው እንደ ነዶ ተሸከሙት። ባለጀልባው እግሩን ደገፈ። ውሃው ውስጥ ድረስ ይዘውልኝ ገቡና በእጄ ላይ አኖሩት።

ሐኪም ቤት አንድ መርፌ ወጉት። ቁጭ ብዬ እያየሁት አንገቱ እንደተፈታ ገመድ ቀስ እያለ ላላ፣ ዓይኑ ወረደ፣ አየኝ። እንባው በጆሮው በኩል ይወርድ ነበር።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለኝ ምላሱ ሲፈታለት። «ስምህ ማነው ሲሉኝ ስሜን ልነግራቸው ነበር። የራሴን ስም። አልወጣልኝም።»

ነርሷ እኔ ላይ አልጮኸችም፤ አባም ላይ። ትኩሳቱን ለካች፣ ደጋግማ ለካች። «የዛሬ ኪኒን የዛሬን ነው የምትሠራው» አለች። «ትናንት ያመለጠችው አምልጣለች። አትሞላም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሲጠይቀኝ ዳነ እላለሁ፤ ገበያ ላይ ረጅም መልስ አይወደድም። አልዳነም። አንገቱ ተመለሰ፤ ግን ኪኒን ሲያይ እጁ አንገቱን ይይዛል። አልውጥም አለ። እሱ እንዳይውጥ አንገቱ ይከለክለዋል፣ ሳይውጥ ሲውል ድምፆቹ ይበረታሉ። ምሳውን አልነካ አለ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ መጣ፤ ያን ውሻ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ነርሷ ቤት ድረስ መጣች፣ መጠኑን እንደቀነሱ፣ አንገት የሚያላላ ሌላ ኪኒን እንደታዘዘለት አስረዳችው። ሰማት፤ አላመናትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባ ሱቄ ደጃፍ ቆመው አገኘኋቸው። ለዚህ ብለው ከደሴቱ የወጡ ናቸው። የድንች ጆንያ ላይ ከወንድሜ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

 «እርስዎ አይደሉም» አለ ወንድሜ። «ኪኒኑ ነው።»

«ኪኒኑ ያዘዙትን ነው የሚያደርግ። ያበዛሁት እኔ ነኝ። ትናንት የጎደለህን ዛሬ ልሞላ ብዬ። ስግደት መስሎኝ።»

ያን ቀን ራቱን ከእሳቸው ጋር በላ። ኪኒኑን ግን ከእሳቸው አልተቀበለም፤ ወደኔ ዞረ። ሰጠሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ አየው።

«አንድ ናት?»

«አንድ ናት።»

«የትናንቱ የለባትም?»

«የትናንቱ የለባትም። የትናንቱ ሄዷል።»

ዋጠ። አፉን ከፍቶ አሳየኝ፤ ሳልጠይቀው። አባ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር።

ወደ ፋብሪካው አልተመለሰም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብሎን አይይዝም፤ ሽንኩርት ግን ይለቅማል። አንዳንዴ ወደ ግራው ዘንበል ይላል፣ ያዳምጣል፣ ይቀጥላል። ጠበሉንም አልተወም፤ አባ ለጥምቀት እንጂ ለመጠጥ አይሁን ብለው በጀሪካን ይልኩለታል።

ማታ ራት ከበላ በኋላም ያንኑ ይጠይቀኛል። የትናንቱ የለባትም? የለባትም እለዋለሁ። ውጦ ሲጨርስም አልነሳም። መውረዷን እስካይ አጠገቡ እቀመጣለሁ።