ከኮምቦልቻ ያመጣኋቸው ሦስት አሮጌ ባትሪዎች

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከደሴ ተነሣሁ። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አባቴ ሰዒድ ጡረታ የወጣ ቴክኒሻን ሲሆን አማተር ሬድዮ አለው፤ ዘወትር ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ጅቡቲ ካለው የልጅነት ጓደኛው ከሷሊህ ጋር በአየር ሞገድ ይጫወታል። ሷሊህ ሰኞ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖርህም ብለውታል ሐኪሞቹ።

አባቴን "በስልክ አውራዋ" ስለው፣ "ስልክማ ለሰላምታ ነው" አለኝ። ስለዚህ ሬድዮውን የሚያስነሣ አሮጌ የመኪና ባትሪ ፍለጋ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ስልሳ ብር ተቀብሎኝ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወረደ። ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ጃኬቴን አወለቅሁ። ልጅ ሳለን የቴፓችን የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሰጣው፣ በጥርሳችንም ነከስ ነከስ እናደርገው ነበር። ከዚያ አንድ ሁለት ዘፈን ይሰጠናል። ያ ጊዜ ናፈቀኝ፤ የደከመ ነገር ሁሉ ቶሎ አይጣልም ነበር።

ኮምቦልቻ፣ አራት ሰዓት

ባትሪ ጠጋኙ አቶ ይማም ከከባድ መኪናዎች ማቆሚያ አጠገብ ይሠራሉ።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ግቢ ልጄ።"

ጉዳዬን ስነግራቸው ከጭነት መኪና የወጡ ባትሪዎችን አንድ በአንድ በመኪና አምፑል ፈተሹ።

"መኪና ለማስነሣት ጉልበት የላቸውም፤ ለሬድዮ ግን እነዚህ ሁለቱ ይበቁሻል። ወላሂ አልዋሽሽም።"

ሦስት ሺህ ብር ከፈልኩ። ልሄድ ስል፣ ሳይፈትሹ አንዲት ሦስተኛ ጨመሩልኝ። "ይቺ ምራቂ ናት። ለአባትሽ ሰላም በይልኝ።" ምራቂ አልፈልግም ማለት በኛ ዘንድ ነውር ነውና መርቄያቸው ወጣሁ። የመመለሻው ሚኒባስ ለባትሪዎቹ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ። አንድ ተሳፋሪ፣ "ሽማግሌዎችሽን ደገፍ አድርጊያቸው፣ እንዳይወድቁ" እያለ እስከ ደሴ አሳቀን።

ደሴ፣ ሰባት ሰዓት

ሦስቱንም አንድ ላይ አያያዝኳቸው። የሰው ምራቂ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ከበደኝ። ሬድዮው በራ፤ እኔም ኮራሁ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የሬድዮው የኃይል መለኪያ መርፌ ወርዶ አገኘነው። አባቴ ባትሪዎቹን ዳሰሰ። ምራቂዋ ትኩስ ነበረች፤ ውስጧ ተበላሽቶ ኖሮ የሁለቱን ኃይል ስትጠጣ ቆይታለች። ነቀላት።

"ምራቂ ሚዛን ላይ እንጂ ሽቦ ላይ አይጨመርም፣ ልጄ" አለ። እንባዬ መጣ።

"አብሽሪ" ብሎ ለመናገር የማይኩን ቁልፍ ተጫነ። ሬድዮው ድርግም አለ። ሲለቀው ተመልሶ በራ። የተረፈው ኃይል ለመስማት እንጂ ለመናገር አይበቃም።

አሥር ሰዓት ላይ የሷሊህ ሻካራ ድምፅ መጣ። "ደሴ፣ ደሴ። ሰዒድ፣ አለህ ወይ?"

አባቴ የማሰራጫውን ኃይል እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ በድምፅ ፈንታ አጭር ጢጥታ ብቻ የሚልከውን የሞርስ ቁልፍ አንዴ ነካ። ሷሊህ ከት ብሎ ሳቀ።

"አልሀምዱሊላህ! ባትሪህ ደከመ አይደል? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቃል ሳታስተነፍሰኝ ኖረህ! ዛሬ ተራው የኔ ነው።"

እዚሁ ደሴ ሸዋ በር ስለነበረው የአባቱ ሱቅ አወራ። ከአባቴ ጋር ጦሳ ተራራ ላይ የአንቴና ሽቦ ሲዘረጉ ስለደበደባቸው ዝናብ አወራ። ስለ ሰኞው ፍርሃቱም አወራ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ በየመሐሉ ቁልፉን አንዴ ይነካል።

ኮምቦልቻ የወረድኩት አባቴ እንዲናገር ብዬ ነበር። ለካ በዚያ ቅዳሜ መናገር የነበረበት ሷሊህ ነው።